የእማማ ኸይሪያ ግድግዳ

ጽጌሬዳ ጆሮዋን ከግድግዳው ላይ አነሣች። ጉንጯ ረጥቧል።

«ድምፅ የለውም» አለች።

«ከሐይቅ ምን ድምፅ ጠብቀሽ ነው?» አሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል። ቤቱን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የሠሩት ግንበኛ እሳቸው ናቸው፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በሩ ላይ ቆመዋል። «ሐዋሳ እኮ ነው! ትንሽ ስትቆፍሪ ውኃ ነው። ግድግዳው ከሥር እየሳበ ያወጣዋል። ወለሉ ተነሥቶ እንደገና ካልተሞላ መድኃኒት የለውም።»

ቤቱ ከተገባበት አራት ወር አልሞላውም። ግድግዳው ግን ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሮ፣ ቀለሙ አብጦ ተልጧል። ክፍሉ የእማማ ኸይሪያ ነው። ልጃቸው ሱሌይማን እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ ጨርቅ እየሸጠ ያሠራላቸው፣ ከወራቤም አምጥቶ ያስገባቸው ክፍል ነው። አሁን ደረታቸው እያፈነ አላስተኛ ብሏቸዋል፤ ሐኪሙም ከእርጥበት ይራቁ ብሏል። ስለዚህ ዛሬ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው። ወደ መናኸሪያ የሚያደርሳቸው ባጃጅ ደጅ ቆሟል።

ጽጌሬዳን ያስጠራቻት የሱሌይማን ሚስት ሙንተሃ ናት። «ቧንቧ የሚያውቅ ሰው ሳያየው ወለሌን ማንም አይነካም» ብላ አሻፈረኝ ስላለች ነው።

ጽጌሬዳም መጀመሪያ የጠረጠረችው ቧንቧውን ነበር። የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዘጋግታ ደጅ ያለውን ቆጣሪ ለረጅም ጊዜ አየችው። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ከቧንቧው የሚወጣ ውኃ የለም ማለት ነው። ይህንን ስትናገር ጋሽ ወልደአማኑኤል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሱሌይማን ሰዓቱን አየ።

«እንግዲህ በቃ» አለ ሱሌይማን። «እማዬ፣ መኪናው ያመልጠናል።»

ጽጌሬዳ አልቸኮለችም። ሦስት ዓመት በቧንቧ ሥራ ኖራለች፤ ውኃ ያለ መንገድ እንደማይመጣ ታውቃለች። አልጋው ጫፍ ላይ ከእማማ ኸይሪያ አጠገብ ተቀመጠች።

«እማማ፣ እዚህ የሚተኙት እርስዎ ነዎት። ግድግዳው የሚብስበት ቀን አለ?»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። እስከዛሬ ይህንን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

«አለ እንጂ የኔ ልጅ። ቅዳሜ ቅዳሜ። ቅዳሜ ሲነጋ እጄን ብሰድበት ውኃ ያንቆረዝዛል። ማክሰኞ ላይ ደረቅ ይላል።»

«ዓርብ ቤት ውስጥ ምን አለ?»

«ምን ይኖራል? ጁምዓ ነዋ!» አለች ሙንተሃ። «ባሌም፣ ወንድሞቹም፣ ልጆቹም፣ ሁሉም እዚህ ይታጠባሉ።» ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ሻወር ቤት በእጇ አመለከተች፤ እጇም እንደተዘረጋ ቀረ።

«ጋሼ» አለች ጽጌሬዳ ወደ ግንበኛው ዞራ፣ «ሐይቅ እኮ ዓርብን ከማክሰኞ አይለይም።»

ጋሽ ወልደአማኑኤል ከበሩ ወደ ውስጥ ገቡ።

ቀለም ያለው ነገር እንዳለ ስትጠይቅ፣ እማማ ኸይሪያ ጓዛቸውን አስመጥተው ፈቱና ለሰፌድ አለላ የሚያቀልሙበትን ቀይ ቀለም አወጡ። ጽጌሬዳ ቀለሙን በሁለት ባልዲ ውኃ በጥብጣ ሻወር ቤቱ ወለል ላይ ባለው መውረጃ አፈሰሰችው። ከዚያ ተመልሳ ከግድግዳው ግርጌ ያበጠውን ልስን በመሮ ፈቀፈቀችና ብሎኬቱን ገልጣ ቁጭ አለች።

ሁሉም ቆመው ጠበቁ። ባጃጁ ጥሩንባውን ነፋ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ሱሌይማን ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰ።

«ልጄ፣ እኔ ልሂድ ግዴለም» አሉ እማማ ኸይሪያ ቀስ ብለው። «በኔ ምክንያት አትጨነቂ።»

«ትንሽ ይቀመጡ፣ እማማ። ይመጣል።»

ባጃጁ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮኽ በሁለት ብሎኬቶች መጋጠሚያ ላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ ታየች። ወፈር አለች፤ ከዚያ ቀጭን መስመር ሆና ወደ ወለሉ ወረደች።

ሙንተሃ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሱሌይማን ወጥቶ ባጃጁን አሰናበተ።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ጎንበስ ብለው መስመሩን በጣታቸው ነኩ። ጣታቸው ቀላ።

«የመውረጃው ቱቦ የተዘረጋ ዕለት ለቅሶ ተጠርቼ ነበር» አሉ። «ስመለስ ሠራተኞቼ ቱቦው ተገጣጥሟል አሉኝ። ሳላየው ኮንክሪት ሞላሁበት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሐይቁን በከንቱ አማሁት።» ከዚያ ቀና ብለው፣ «የት ጋ ልምታው?» አሏት።

ጽጌሬዳ ሻወር ቤት ገብታ ቀዩ ነጥብ ከወጣበት ትይዩ በእርሳስ አንዲት ሴራሚክ ላይ ምልክት አደረገች። ሽማግሌው ግንበኛ ራሳቸው ተንበርክከው ሰበሯት። ከሥሯ ያለውን ኮንክሪት ቀስ እያሉ ፈለፈሉት፤ ቀዩ ጭቃ ወጣ፤ ቱቦውም ታየ። ሁለቱ ጫፎች ሳይገናኙ ቀርተው በመካከላቸው የአንድ ጣት ክፍተት አለ።

እማማ ኸይሪያ የምራታቸውን ክንድ ይዘው መጡና ጉድጓዱን ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይቺው ናት?» አሉ።

«ይቺው ናት፣ እማማ።»

አሮጊቷ ትንሹን ጣታቸውን ሰደዱና ክፍተቷ ውስጥ አስገቡት። ልክክ አለ።