ጾሙ ከተፈታ በኋላ

ሰርካለም የጎረሰችውን ዋጠችና ጠበቀች። ማኅሌት ከትሪው ጥግ የቆረሰቻትን እንጀራ ሽሮ አስነክታ በጣቶቿ መካከል ይዛት ቀርታለች።

«ቀስ ብለሽ። እኔም እንዳንቺው ቀስ እላለሁ።»

«እሺ።»

እጇ ወደ አፏ ሄደ። አፏን በነጠላዋ ጫፍ የጠረገች መስላ ቁራሿን ከጉያዋ ሸጎጠቻት። ሰርካለም አየች። እሷም ተማሪ ሳለች እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ እስክትወድቅ ድረስ ማንም አላወቀባትም።

የተገናኙት ሰኔ ላይ ነው። ማኅሌት ከቅዳሴ መሃል ተዝለፍልፋ ወድቃ ከተማ ሐኪም ቤት ስትገባ ነርሷ ሰርካለምን አስጠራቻት። «ይቺ ልጅ ምግብ ትፈራለች። አንቺ ከዚህ መንገድ ተመልሰሻል፤ እስቲ አነጋግሪያት» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ሰርካለም ቅዳሜ ቅዳሜ ከላሊበላ ተነሥታ፣ የነአኩቶ ለአብን ገዳም አልፋ፣ ዳገቱን ወጥታ ትመጣለች። ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ሐምሌ ላይ ማኅሌት ትንሽ አንሰራርታ መሳቅም ጀምራ ነበር። ከዚያ ፍልሰታ ገባ።

አሁን ጾሙ ከተፈታ ሰንብቷል። ማኅሌት አልፈታችም።

«ስዕለት አለባት» አሉ እናቷ እትዬ ገለቴ፣ ወተት በኩባያ ይዘው ከጓዳ ብቅ ሲሉ። ድምፃቸው ውስጥ ኩራት አለ። «እንደው አገሩ ሁሉ ጸልዪልን እያለ ነው የሚመጣው። ትናንትም የታመመ ልጅ ይዘው መጥተው ነበር።»

ኩባያውን አስቀምጠው ወደ ደጅ ወጡ። ማኅሌት ቀና አላለችም።

«እግርሽን አሳዪኝ» አለች ሰርካለም።

ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። ሰርካለም በአውራ ጣቷ ተጭና ለቀቀችው፤ የጎደጎደው አልሞላም። የእጇን የደም ሥር ያዘች። ይመታና፣ የረሳ ያህል ቆይቶ፣ ደግሞ ይመታል።

«ትናንት ከበሩ እስከዚህ መደብ መምጣት አቃተኝ» አለች ማኅሌት በሹክሹክታ። «ለእማዬ እንዳትነግሪያት።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ሰርኬ! ቃል ገብተሽልኛል።»

«ቃሌ እስካልፈራሁልሽ ድረስ ነበር። ዛሬ ፈራሁ።»

ማኅሌት ጋቢውን እስከ አንገቷ ሳበችው። «ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ መንገዱ ተዘጋ፤ ቀረሁ። ባል አላገባሁ፣ ለሥራ አልሆንኩ። አሁን ግን እማዬ በሰው ፊት ልጄ ትለኛለች። እሱን ከወሰድሽብኝ ምን ይቀረኛል?»

ሰርካለም መልሱን ፈለገች። በታመመችበት ጊዜ ለእሷም ይህን ማንም አልመለሰላትም። «እኔ አለሁልሽ» አለች በመጨረሻ። ለራሷም አነሰባት።

ተነሥታ ወጣች። እትዬ ገለቴ ከጣሪያው የሚወርደውን የዝናብ ውኃ በጀሪካን ያቁራሉ።

«እትዬ ገለቴ፣ ጾም አይደለም።»

«ምኑ?»

«የማኅሌት ነገር። ሕመም ነው። እኔንም ይዞኝ ያውቃል። ዛሬ ሐኪም ቤት ካልገባች ትሞትብዎታለች።»

«አፍሽን ያዢ!» ጀሪካኑ ከእጃቸው አመለጠ። «ከደጄ ቆመሽ ሞት አትጥሪ። ልጄ ከአምላኳ ጋር ነው ጉዳይዋ።»

«የነፍስ አባቷን ይጠይቋቸው። መነኩሴም ሲታመም ይበላል። ገብተው ገላዋን ይዩት፤ ከዚያ ይቆጡኝ።»

እትዬ ገለቴ እየተቆጡ ገቡ። ጋቢውን ገለጡት። የልጃቸውን ገላ ካዩት ቆይተዋል። አንገቷ ሥር ያለው አጥንት እንደ ቀንበር ተገትሯል። ማኅሌት ልትሸፈን ስትታገል የእንጀራ ቁራሾች ከጉያዋ መደቡ ላይ ረገፉ። የዛሬው ብቻ አይደለም፤ የደረቀም፣ የሻገተም አለበት።

ሴትዮዋ ቁራሾቹን አዩ። ከዚያ ወተቱን አንሥተው የልጃቸውን አገጭ ያዙ።

«ጠጪ! በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ጠጪልኝ!»

ወተቱ በአንገቷ ወረደ። ሰርካለም እጃቸውን ያዘች። «ተዉ እትዬ፣ በግድ አይሆንም። እንዲህ የተራበ ገላ ድንገት ሲሞላም ይሞታል። ሐኪም መጥኖ ይስጣት።»

ማኅሌት ሰርካለምን አየቻት።

«እህቴ ብዬሽ ነበር» አለች። ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

አባቷ ጋሻዬ ከማሳ ተጠሩ። ክረምቱ መንገዱን ስለበላው መኪና የሚገኘው ከታች፣ ከዋናው ጎዳና ነው። ቃሬዛ ተሠራ። የሰፈሩ ወንዶች እንደ ልማዳቸው በየተራ ሊቀባበሉ ግልብጥ ብለው መጡ።

ቁልቁለቱን ጉም ይዞታል። ሰርካለም ከቃሬዛው ጎን እየሄደች የማኅሌትን እጅ ያዘች። ማኅሌት እጇን ነጠቀቻት። ሰርካለም መዳፏን ከቃሬዛው ጠርዝ ላይ አሳርፋ፣ ጭቃውን እየረገጠች መሄዷን ቀጠለች።

መንገዱ ሲጋመስ በእውቀቱ የሚባል ጎረቤት ወደ ፊተኛው ተሸካሚ ቀረበ። «አምጣ፣ ልቀበልህ።»

«ተወው» አለ ሰውየው ዞር ሳይል። «ምንም አልከበደኝም። ጋቢውን ብቻ የተሸከምኩ ነው የሚመስለኝ።»

እትዬ ገለቴ ከኋላ ሆነው ሰሙ። ቆሙ። ከዚያ ወንዶቹን እየገፉ አልፈው የቃሬዛውን እንጨት ከሰውየው ትከሻ ላይ ወሰዱ። ሴት አትሸከምም ያላቸው የለም።

ጥቂት እንደሄዱ እንጨቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ትከሻቸው ይጫኑት ጀመር፤ የሚከብድ ነገር ይፈልጉ ይመስል።