የባቄላው ጭስ

አባቴ ከመዳፉ ላይ ትንሽ ገለባ ወደ ላይ በትኖ እስኪወርድ ጠበቀ። ገለባው ወደ እርሻችን አዘነበለ።

«ወደኛ ነው። ለኩሱ» አለን።

ጎህ ሊቀድ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እኔና ወንድሜ ከፋለ በማሳው ራስጌ በደረደርነው ኩበት ሥር ፍም አስገባን፤ በላዩ እርጥብ ጭድና የብሳና ቅጠል ጫንን። ነበልባል አይፈለግም፣ የሚፈለገው ጭሱ ነው። በጃንሆይ ጊዜ የኛ የሞጣ ዙሪያ ሰዎች ውርጭን የምንከላከለው እንዲህ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሎ ካመሸ፣ ሳይነጋ ተነሥተን ማሳውን ጭስ እናለብሰዋለን።

ጥቅምት እያለቀ ነው፤ ባቄላው እሸት ይዟል። ባለፈው ዓመት ገብሳችንን በረዶ ስለመታው ጎተራችን ባዶ ነበር። ያ ባቄላ የዓመት ሽሯችንም የከርሞ ዘራችንም ነው። እሱ ከሞተ አባቴ በሬ ሸጦ ሊያበላን ነው፤ በሬውን የሸጠ ገበሬ ደግሞ ለከርሞ የሰው እጅ ያያል። ይህን አፍ አውጥቶ የተናገረ አልነበረም፤ ሁላችንም ግን እናውቀዋለን።

ከፋለ ቢቸና አስተማሪ ነበር። እናታችንን ሊጠይቅ መጥቶ ውርጩ ላይ ደረሰና፣ በነጭ ሸሚዙ ኩበት ሲሸከም አደረ። ማስተማር ግን የትም ቢሆን አይለቀውም።

«አባዬ፣ ይኸ ጭስ እኮ የምድርን ሙቀት አላስወጣ ብሎ ይይዘዋል። ደመናም እንዲሁ ነው።»

«ይኸንማ አያቴም ያውቅ ነበር።»

«የኔው ሌላ ነው። በመጽሐፍ ያነበብኩት ነው። ፋብሪካው፣ መኪናው፣ የሚነደው ከሰል፣ የሚመነጠረው ዱር፣ ሁሉም ዓይን የማያየው አየር ወደ ላይ ይልካል። ጭሱስ ይበተናል፤ ያ አየር ግን እዚያው ይቀራል። እየበዛ ከሄደ ምድር ሁሉ ጋቢ እንደደረበች ትሞቃለች ይላሉ።»

አባቴ ዓይኑን ከማሳው አላነሣም። «ታዲያ ምን ከፋ? በርቱ በላቸው። ውርጭ ይቀርልናል።»

ከፋለ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ዛሬ ሰባውን አልፌ ሳስታውሰው ሳቁ አይመጣልኝም። ያ ሣሩን ነጭ አድርጎ እግር የሚቆረጥም አመዳይ በኛ አገር ብርቅ ሆኗል፤ ገበሬው አሁን የሚያማርረው ሙቀቱንና የሚዘገየውን ዝናብ ነው። ያን ብርድ ስረግመው ኖሬ በስተርጅና ይናፍቀኛል ብዬ መች አሰብኩ። ጠዋቱ ናፈቀኝ፣ የአባቴም ድምፅ ናፈቀኝ።

ያን ጠዋት ግን ሳቃችን ሳያበቃ፣ «አባዬ፣ ጭሱን እየው» አልኩት።

ነፋሱ ዞሮ ነበር። ጭሳችን እርሻችንን ትቶ፣ በጎን ቁልቁል ወደ ታዘበው ማሳ ይተኛ ጀመር። ታዘበው ጎረቤታችን ነው፤ ከአባቴ ጋር በአንዲት ጠባብ ድንበር ዘጠኝ ዓመት ተካሰዋል፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲገናኙ ሰላም አይባባሉም። ሰሞኑን ቆላ ወርዶ ወባ ይዞ ስለተመለሰ ተኝቷል፤ ለባቄላው እሳት የሚያነድለት ሰው አልነበረውም።

ፍሙን በገል እያፈስን ነፋሱ ወደሚመጣበት ወደ ማሳችን ማዶ ለማሻገር ሮጥን። እርጥቡ ጭድ ግን አልቋል፤ ደረቁም ቦግ ብሎ ጠፋ። ያን ጊዜ ንዴት አንገበገበኝ። የእኛ ኩበት፣ የእኛ ድካም፣ ለዚያ ሰው! ትልቅ ቅርንጫፍ አንሥቼ እሳቱን ልደበድበው ተጠጋሁ።

«ምን ልታደርጊ ነው፣ ማናለሽ?» አለ አባቴ።

«ላጠፋው ነዋ። የኛ ከሞተ የሱስ ለምን ይተርፋል?»

አባቴ እሳቱን አየ፣ የታዘበውን ማሳ አየ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያ እርሻ ሲጠፋ ለማየት ተመኝቶ ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

«ተይው ይጭስ። እሸቱ ምን በደለ?» አለና ቅርንጫፉን ከእጄ ወሰደው።

ፀሐይ ወጣች። የእኛ ባቄላ መጀመሪያ ደህና መሰለ፤ ብርሃኑ ሲያርፍበት ግን የፈላ ውሃ እንደፈሰሰበት ጎመን ጠወለገ። አባቴ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከፋለም አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

ታዘበው በምርኩዝ እየተደገፈ ሲመጣ አየነው። ከኋላው ማሳው እንዳለ አረንጓዴ ነው።

«አያ ፋንታ፣ እንዴት አደሩ?» አለ።

አባቴ ቀና አላለም። «ለራሴ ነበር ያነደድኩት። ነፋሱ ነው ያመጣልህ።»

«አውቃለሁ። ከደጄ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ሲዞር አይቻለሁ፤ ልጅዎ ልታጠፋው ስትልም አይቻለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ታዘበው ግን ወደኔ አልዞረም።

«ጉልበት የለኝም። የሚያጭድልኝም የለም» አለ። «እርስዎና ልጆችዎ እጨዱልኝና እኩል እንካፈላለን።»

አባቴ ቀና አለ። «ክሱስ?» ሲል ጠየቀ።

«ክሱማ ክስ ነው። ቀጠሯችን ለኅዳር አይደል? እዚያው እንገናኛለን።»

አባቴ ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ሳል ተለወጠ። ተነሣና የታዘበውን ክንድ ያዘ። ሁለቱም ወደ አረንጓዴው ማሳ ቁልቁል ወረዱ። ታዘበው በወባው ይንቀጠቀጣል፤ አባቴም ጥሎት እንዳይሄድ እርምጃውን ያሳጥራል።