የጎረቤት ጥናት

አንጋፋው አሰልጣኝ ለከተማ ትምህርት ቤቶች የኅብረተሰብ ትምህርት መምህራንን ማሰልጠን ከጀመሩ ሠላሳ ዓመታቸው ነው። አንዲት አባባል አለቻቸው፤ «ሰፈሩን የማያውቅ፣ ኅብረተሰብ አያስተምር!» በዚህች አባባል ሰበብ በፈተና የጣሏቸው እጩ መምህራን አንድ አውቶቡስ ይሞላሉ።

ያን ዕለት ብርቅነሽ የምትባል እጩ መምህርት ሊገመግሙ አምስተኛ ክፍል ገብተው ከኋላ ተሰየሙ። ተማሪዎቹ ስለ ጎረቤቶቻቸው ያጠኑትን በየተራ ያቀርባሉ። አንዲት ቁንዳላ የተሠራች ልጅ ተነሳች።

«አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ሰውዬ አሉ። እዚያ ቤት ከገቡ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። እድር አልገቡም። አያቴ ስትሞት እንኳ ለቅሶ አልደረሱም፤ ይልቅ ድንኳኑ መንገድ ዘጋብኝ ብለው ክላክስ ሲያስጮሁብን ነበር። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ስላጣሁ፣ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።»

የአሰልጣኙ ደም ፈላ። የግምገማ ቅጹን ወዲያ ጥለው ብድግ አሉ።

«ይሄ ሰው ነው? ከሰው ተፈጥሮ እንዲህ ይኮናል? ነይ ልጄ፣ ቤቱን አሳዪኝ! ጎረቤት ምን ማለት እንደሆነ ዛሬውኑ አስተምረዋለሁ!»

ልጅቷ ፈራ ተባ እያለች መምህርቷን አየች።

«አይዞሽ፣ ንገሪያቸው» አለቻት ብርቅነሽ።

«ጋሼ፣ ቤቱስ ቅርብ ነው» አለች ልጅቷ፣ «የበሩ ቁልፍ ግን እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው።»