ከወንዙ ማዶ

መኳንንት ማለዳ ላይ ሲያርፍ ሚስቱ ይታክቱ መጀመሪያ ያደረገችው የድስቶቹን ክዳን በጨርቅ መጠቅለል ነበር። ለቀስተኛ ሲበዛ እቃ ይንኳኳል፤ በዚህች ከተማ ደግሞ ድምፅ ከፍ ማድረግ ከተከለከለ ዓመታት አልፈዋል።

ከአለት የተፈለፈሉት የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት በድምፅ ብዛት ይሰነጠቃሉ ተብሎ የዓለም አገሮች ተስማምተው ፈረሙ። ባለሙያውም፣ በየግድግዳው የተተከለው ድምፅ መለኪያም ከየአገሩ መጣ። እውነት ለመናገር፣ ስንጥቁ ቆመ። ደወሉም ቆመ። አውራ ዶሮ እንኳ ተለቅሞ ከከተማ ወጣ።

ለሐዘንተኛ ግን አውቶቡስ ተመድቧል። ቀብሩ በሹክሹክታ እንዳለቀ ይታክቱና ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተሳፈሩ። ድልድዩን ተሻግረው ሜዳ ላይ ሲደርሱ ሾፌሩ በሩን ከፈተና፣

“እዚህ ይቻላል፣ እትዬ። እንደ ልብዎ ያልቅሱ” አላት፤ እሱም በሹክሹክታ።

ይታክቱ ወርዳ ቆመች። ሁሉም እሷን ይጠብቃል። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። ጎረቤቶቿም አብረዋት ተነፈሱ።

የመኳንንት እህት ውድነሽ የምትኖረው ከወንዙ ማዶ፣ ማንም ዝም በሉ ባላለው ገጠር ነው። መርዶውን ሰምታ በእግሯ እየገሰገሰች እዚያው ሜዳ ላይ ደረሰች።

“ወይኔ ወንድሜ! ወይኔ ጋሻዬ! እንግዲህ ማንን ተማምኜ ልኑር!” እያለች ደረቷን ስትደቃ ሜዳው አስተጋባ።

ይታክቱ እንደለመደችው በእግር ጣቷ እየረገጠች ሮጠችና አቀፈቻት። ከዚያም የውድነሽን አፍ በመዳፏ ግጥም አድርጋ ያዘች።

“ቀስ በይ፣ እህቴ” አለቻት በጆሮዋ። “ድንጋዩ ይሰነጠቃል።”