ሰባ አንደኛው ማዕረግ

አንድ ንጉሠ ነገሥት ነበር፤ አገር በዋጠ ቁጥር ስሙ ላይ አንድ ማዕረግ ያስጨምር ነበር። ሰባ አገር ሲሞላ፣ ውሸቴን ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ፣ ጠዋት መጠራት የጀመረው ማዕረግ የሚያልቀው ምሳ ሰዓት ላይ ሆነ። እስኪያልቅ ድረስ ባለጉዳይ ሁሉ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፍቶ ይጠብቃል፤ ቀና ያለ አንገቱን ያጣል።

አንድ ማለዳ ከድንበር አንድ ፈረሰኛ እየጋለበ ደረሰ።

"ጃንሆይ፣ ጠላት ወንዙን..."

"ድፋ ግንባርህን፣ አንተ ባለጌ" አለው ማዕረግ ጠሪው። "ገና ስማቸው አልተጠራም።"

ፈረሰኛው ተደፋ። ጠሪው ዓይኑን ጨፍኖ በቃሉ ያወርደው ጀመር። "የሰባቱ ባሕር ጌታ፣ የጨው ተራራ ባለቤት፣ የግመሎች ሁሉ አባት..." ሠላሳኛው ላይ ከውጭ ጩኸት ተሰማ። ሃምሳኛው ላይ በሩ ተሰበረ። ስልሳኛው ላይ ከዙፋኑ አንድ ከባድ ነገር ዱብ አለ። ጠሪው ግን ሥርዓት አክባሪ ነውና ሰባውንም ጨረሰ።

"አሁን ተናገር።"

"ጃንሆይ፣ ጠላት ወንዙን ተሻግሯል" አለ ፈረሰኛው እንደተደፋ። "አሁን ከተነሣን ከተማዋን እናድናታለን።"

"ተሻግሬማ ደርሻለሁ" አለ ከዙፋኑ ላይ የማያውቀው ድምፅ፣ የሆነ ነገር እያኘከ። "ማዕረጉ ግን ደስ ይላል። አንተ ሰውዬ፣ እስቲ በእኔ ስም ድገመው።"

ጠሪው ጉሮሮውን ጠረገና በሰባው ላይ አንድ ጨመረበት።