ፎቶውን የከፈተው ኮምፒውተር

«እማዬ፣ አሁን ደግሞ ምን ይላል?» አለች ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር ሆና። እናት ፊደል መቁጠር ከጀመረች ገና አራት ወሯ ነው።

የፎቶ ቤቱ ማስተካከያ ፕሮግራም ጓዳ ካለው የፎቶ ማከማቻ ማሽን ጋር አልገናኝ ካለ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ልጅቷ ገመድ ስትነቅልና ስትሰካ ወገቧ ተቆርጧል። የምትፈልገው አባቷ ከመሞቱ በፊት ሦስቱም አግዳሚ ወንበር ላይ አብረው የተነሱትን ፎቶ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም።

«ቆይ የኔ እናት፣ አታጣድፊኝ» አለች እናት፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች። «ፎ... ቶ... ው...»

«አንቺ አንብበሽ እስክትጨርሺ እኔ አረጃለሁ!» ልጅቷ እየሳቀች ጉልበቷን አራግፋ ተነሳች። «ተይው በቃ፣ ማከማቻውን ራሱን ገብቼ ልየው።»

የጓዳው በር ከኋላዋ ተዘጋ።

እናት ግን የጀመረችውን ቃል ጥላ መነሳት አልሆነላትም። «ፎቶው... በሌላ... ኮምፒውተር... ተከፍቷል። አባባ።»

አባባ ልጅቷ ለአባቷ ኮምፒውተር ያወጣችለት ስም ነው። ኮምፒውተሩ ያለው ጓዳ ነው። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ግን የኤሌክትሪክ ገመዱ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉም እናት አንገት ላይ ነው።

«ልጄ፣ ውጪ! ቶሎ ውጪ!»

ከጓዳው መልስ አልመጣም። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ጠፋና ፎቶው በራሱ ጊዜ ተከፈተ።

አግዳሚው ወንበር ያው ነው። አባትና ልጅ ሄደዋል፤ እናት ብቻዋን ቀርታለች።