በስተቀኝ ጥግ ብልጭ ያለችው ነጠብጣብ

«ይሄ ሰውዬ ዛሬስ አበዛው!»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገው...

የሳይንስ ቪዲዮ ሠሪ ነው። ተከታዮቹ «ፕሮፍ» ይሉታል።

የብርሃን ፍጥነት በሉት፣ ጥቁር ጉድጓድ በሉት፣ በሦስት ደቂቃ ጥርት አድርጎ ያስረዳችኋል። ኮሜንት ላይማ አትጠይቁኝ! ጽፋችሁ ሻያችሁ ሳይቀዘቅዝ ይመልሳል።

የዚያን ቀን የለቀቀው ቪዲዮ «የድሮ የጠፈር ፊልሞች አምስት ስህተቶች» የሚል ነበር።

በክር የተንጠለጠለ መንኮራኩር፣ አየር በሌለበት የሚጮህ ፍንዳታ... አራቱ ላይ ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ጣጣው የመጣው አምስተኛው ላይ ነው።

«ልብ ብላችሁ እዩ! ከላይ በስተቀኝ ጥግ አንዲት ነጭ ነጠብጣብ ብልጭ ብላ ጠፋች። የካሜራው መስታወት ላይ ያረፈ ቆሻሻ ነው!»

ሰው ተንጫጫ... ሼር በሼር ሆነ።

አንድ ሰው ብቻ አልተስማማም። የገጹ ስም «የድሮ ተመልካች» ነው። ፎቶ የለው፣ ምን የለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን አንድም ቪዲዮ አምልጦት አያውቅም።

«ልጄ፣ ቆሻሻ ቢሆን እዚያው ይቆይ ነበር እንጂ ብልጭ ብሎ አይጠፋም። ደግሞ ከስምንት ሰከንድ ገደማ በኋላ ሌላ ነጠብጣብ ትመጣለች። እስቲ ቁጠር።»

ፕሮፍ መች ሊቆጥር!

«አባባ፣ እርስዎ ዝም ብለው ይመልከቱ፤ ማስረዳቱን ለእኛ ይተዉልን» ብሎ መለሰ።

ስምንት መቶ ሰው ሳቀ።

«እሺ ልጄ። ብቻ ቁጠር።»

ያበሸቀችው ይቺ ናት። ብሎክ!... እፎይ አለ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ...

የሚኖሩት እሱና እናቱ ብቻ ናቸው። እናቱ አሮጌ ስልኳን ይዛ መጣች። እሱ አዲስ ሲገዛ የሰጣት፣ መስታወቱ የተሰነጠቀው ስልክ።

«የኔ ጌታ፣ ይሄ ስልክ አበቃለት መሰለኝ። ያንተን ቪዲዮ አልከፍት አለኝ።»

«ቆይ እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«እሺ» ብላ ተቀመጠች... ጥቂት ቆይታ ግን «እስከ ትናንት ድረስ እኮ ደህና ነበር» አለች።

«እስቲ አምጪው!» አለና እየተነጫነጨ ተቀበላት። ገጹን ፈለገው... የለም። ነገሩ ምንድን ነው ብሎ አካውንቷን ከፈተ። ከላይ የተጻፈውን ስም አነበበ...

«የድሮ ተመልካች»።

ክው አለ።

«እማዬ... ኮሜንቱን የምትጽፊው አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። «እዚህ ስጠይቅህ ‹ቆይ እማዬ› ትለኛለህ። እዚያ ስጠይቅህ ግን ወዲያው ትመልሳለህ።»

ስልኩን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እንደምንም ብሎ...

«ነጠብጣቧንስ ከየት አወቅሻት?»

«ሲኒማ ቤት እሠራ አልነበር?»

«ትኬት ቆራጭ አልነበርሽ እንዴ?»

«ማን አለህ?»

ማንም አላለውም። ሴት ናት፣ ሲኒማ ቤት ሠርታለች፤ በቃ ትኬት ነው ብሎ ራሱ ገመተ። ገመተና ዕድሜውን ሙሉ አመነበት። «የድሮ ተመልካች» ሰውዬ መሆኑንስ ማን ነገረው?

እናት ሆዬ ለካ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማሽን ክፍል ውስጥ ፊልም ስታጫውት ነው የኖረችው!

«የድሮ ፊልም በአንድ ጥቅልል አያልቅም» አለችው። «ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ይቆማል። የመጀመሪያዋን ነጠብጣብ ስታይ ሁለተኛውን ማሽን ታስነሳለህ። ሁለተኛዋ ስትመጣ ትቀይራለህ። ሆን ተብላ ለእኛ የተቀመጠች ምልክት ናት። ካመለጠችህ ሸራው ባዶ ይሆንና ሰዉ ያፏጫል።»

«አምልጣሽ ታውቃለች?»

«አንድ ቀን ብቻ። አንተን አርግዤ ነበር፤ ስትረግጠኝ ወደ ሆዴ ዞር አልኩ» ብላ ሳቀች። «ያን ቀንም ያስፏጨህብኝ አንተ ነህ።»

እሱ ግን አልሳቀም። ዕንባው መጣ... ፊልሙን ከፈተና ቆጠረ።

አንድ... ሁለት... ሦስት... ስምንት።

ብልጭ!

ብሎኩን አነሳ። ካሜራውን ከሷ ፊት ለፊት አቆመና ለተከታዮቹ እንዲህ አለ፦

«አምስት ስህተት ብዬ ነበር። አራቱ የፊልሞቹ ናቸው። አምስተኛው የኔ ነው።»

ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ ሥራሽ ምን ነበር?»

ሦስት ደቂቃ ይበቃል ብሎ ነበር... አርባ ደቂቃ ወጣው። አንዷንም አልቆረጠም።

ወዳጆቼ፣ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ስለማንደርስበት ኮከብ እንጠይቃለን፣ እንመራመራለን... አብራን ቁርስ የምትበላዋን ግን ገምተን እናልፋለን። ለማናውቀው ሰው ወዲያው እንመልሳለን፣ የቤታችንን ሰው «ቆይ» እንላለን።

እናንተስ... እናታችሁ ወይ አባታችሁ፣ እናንተ ሳትወለዱ በፊት ምን ይሠሩ እንደነበር በትክክል ታውቃላችሁ? ወይስ እንደ ፕሮፍ ገምታችሁ ነው? ከመጻፋችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቋቸው... ምን አሏችሁ?